ውሻ የመቆጣጠር ሥራ ቀረበልኝ፤ ልፈርም?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 24 ነው። በእንስሳት ጤና በዲፕሎማ ተመርቄ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። አሁን ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባለው አካባቢ ባለቤት አልባ ውሾችን በሚቆጣጠር ቡድን ውስጥ በኮንትራት እንድሠራ ተጠይቄያለሁ። ሥራው በአብዛኛው ሌሊት ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ መበተን፣ ጠዋት ደግሞ ሬሳ መሰብሰብ ነው ሲባል ሰማሁ። ያነጋገረኝ ሰው ግን ‹መያዝና መከተብም አለበት› ይላል። እናቴ ‹ግፍ ነው፤ በልጆችህ ይመጣብሃል› ብላ ተቆጥታለች። እኔ የምለው ግን፣ ውሾቹ ካልተቀነሱ የእብድ ውሻ በሽታ እንዴት ይጠፋል? ያበደ ውሻ ውኃ ስለሚፈራ በቀላሉ ይለያል የሚባለውስ እውነት ነው? ሥራውን ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ? (ለሙከራ የወጣሁ ዕለት አንዲት ቡችላ እጄን ጫር አድርጋኝ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሆነኝ፤ ቁስሉም ድኗል።)»

ምላሽ፦ በቅንፍ ካስቀመጥከው ልጀምር። የደብዳቤህ ዋና ጉዳይ እሱ ሆኖ ሳለ እንደ ምርቃት መጨረሻ ላይ ጣል አድርገኸዋል።

ይህን እንዳነበብክ ወደ ጤና ተቋም ሂድ፤ ለነገ አታሳድረው። ቁስሉ መዳኑ ምንም አይነግርህም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ቁስል ላይ ተቀምጦ አያመረቅዝም። በጭረቱ ይገባና የነርቭ መንገድ ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ በሳምንት የደረሰበትም፣ ዓመት የቆየበትም አለ። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን በእጃችን ያለ መድኃኒት የለም፤ ሰውየው ይሞታል። ደግነቱ የጉዞው መርዘም ለአንተም ጊዜ ይሰጥሃል፤ በዘጠነኛው ቀንም ቢሆን ክትባት ይጀመራል። «አልፎኛል» ብሎ መቅረት ነው ሰው የሚገድለው።

ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ደም ወጥቶ እንደነበር ነው። ቆዳው ተፍቆ ብቻ ከነበረና ደም ካልወጣ ክትባቱ ይበቃል። ጠብታም ብትሆን ደም ከወጣች ከክትባቱ ጋር ኢሚኖግሎቡሊን የሚባለው፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው መድኃኒት ያስፈልግሃል። እውነቱን ተናገር፤ አታሳንሰው። ቀጥሎ የሚጠየቀው ቡችላዋ የት ናት የሚለው ነው። ውሻ በምራቁ ቫይረሱን የሚያስተላልፈው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ነው፤ ስለዚህ ከነከሰ ወይም ከጫረ ከ10 ቀን በኋላ በሕይወት ያለና ጤነኛ የሆነ ውሻ በዚያች ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። በአንተ ሒሳብ 10ኛው ቀን ነገ ነው። የአካባቢውን ጥበቃ ወይም ልጆቹን ጠይቅ፤ ቡችላዋ ካለች ከሩቅ እዩአት፣ ማንም አይንካት። ደህና ሆና ከተገኘች ሐኪሙ የጀመረውን ሊያቋርጥ ይችላል። እሷን ፍለጋ ብለህ ግን መርፌውን አታዘግይ፤ ሁለቱም ዛሬ ይሁኑ።

«ቡችላ ናት» ብለህ ከሆነ የናቅከው፣ ያ ትልቅ ስሕተት ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ስቆይ ሦስት ጊዜ ተነክሻለሁ፤ ሦስቱም ጊዜ ከትልቁ ጥቁር ውሻ ስጠነቀቅ እግሬ ሥር የነበረችውን ትንሿን ረስቼ ነው። ቡችላ ከእናቷ፣ እናቷም ከመንገድ በሽታውን ትቀበላለች፤ ዕድሜ አይከላከልላትም።

መርፌውን ፈርተህ ከሆነም እንነጋገር። ብዙ ሰው «በእምብርት ዙሪያ ለቀናት የሚወጋ» የሚለውን ሰምቶ ያደገ ነው። ያ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረው የድሮው ክትባት ነው። በሴል ላይ የሚዘጋጀው የዛሬው ክትባት ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው፣ ቀጠሮውም ጥቂት ነው። እንዶድ አጠጥተው ለማስመለስና ለማስቀመጥ የሚዳርጉ አዋቂዎች ጋ አትሂድ፤ እንዶድ መርዛማ ነው፣ ቫይረሱንም አይነካውም። ጠበሉን ግን አልከለክልህም፤ መርፌውን ወስደህ ተጠመቅ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ያበደ ውሻ ውኃ አይፈራም። ውኃ መፍራት በታመመ ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ ለመጠጣት ሲሞክር የጉሮሮው ጡንቻ ስለሚኮማተርና ስለሚያንቀው ብርጭቆውን ሲያይ ይርበተበታል። ውሻ ግን አብዶም ኩሬ ውስጥ ሊገባ፣ ሊጠጣም ይሞክራል። «የራስ መኮንን ድልድይ ሥር ሲጠጣ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ብሎ ሰው ቤቱ የሚቀመጠው በዚህ የተሳሳተ እምነት ነው። ልታይ የሚገባህ የጠባይ ለውጥን ነው። ሰው ይሸሽ የነበረው ይጠጋል፣ ሰው ይወድ የነበረው ጥግ ይይዛል፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ድንጋይና እንጨት ይነክሳል፣ ምንም ያላደረገውን መንገደኛ ነክሶ ሳይቆም ያልፋል።

ሁለተኛው መልኩ ግን ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ዝም የሚለው። መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሐጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ የኋላ እግሩ ይጎተታል። ባለቤቱ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ደግ ሰው ነው በዚህ የሚያዘው። አንተም ሥራ ላይ «አጥንት አንቆታል፣ አውጣልን» ተብለህ ከተጠራህ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ያበደ ነው ብለህ ቅረበው።

መርዙን በተመለከተ እናትህ ትክክል ናቸው፤ ከእሳቸው የምጨምረው ሥራውም ከንቱ መሆኑን ነው። ለዚህ ተግባር የኖረው ስትሪክኒን ውሻውን የሚገድለው ንቃቱን ሳያሳጣ በማንቀጥቀጥና አየር በማሳጣት ነው። ሥጋው ደግሞ ለውሻ ብቻ ተብሎ መንገድ ላይ አይቆይም። ድመት ያነሣዋል፣ ከጫካው የሚወርደው ጅብ ያነሣዋል፣ ቄራ ዙሪያ የምናየው ጥንብ አንሣ ከሬሳው ይበላል፤ መንገድ ላይ የሚያድር የተራበ ልጅም አለ። የውሻ ነገር ደመ ከልብ ነው ብለን ለምደን እንጂ፣ ይህ በሰው ሰፈር መሐል ሊሠራ የሚገባው አልነበረም።

«ካልተቀነሱ እንዴት ይጠፋል?» ላልከው፣ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ የሚያስይዘው አንድ ወይም ሁለት ሌላ ውሻ ነው። እንደ ኩፍኝ የሚዛመት አይደለም። ስለዚህ ከ100 ውሾች 70ዎቹ ከተከተቡ፣ ያበደው የሚነክሳቸው አብዛኞቹ የተከተቡት ይሆኑና ሰንሰለቱ ይበጠሳል። 70 የተባለውም ለበሽታው ያን ያህል ስለሚያስፈልግ ብቻ አይደለም፤ የመንገድ ውሻ ዕድሜው አጭር ስለሆነና ቡችሎች ስለሚወለዱ፣ እስከ መጪው ዓመት ዘመቻ ድረስ ቁጥሩ እያሽቆለቆለ እንኳ ከአደጋው መስመር በላይ እንዲቆይ ነው። አሁን መርዝ በትን። የሚሞተው የተከተበውም ያልተከተበውም ነው፤ እንዲያውም ሰው የለመደው፣ ቀርቦ የሚበላው፣ ዓምና የተከተበው ቀድሞ ይሞታል። ያፈሰስከውን ክትባት በገዛ እጅህ ትገድለዋለህ።

ከዚያስ? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል የእኛ ሰው፤ የከተማ ውሻ ሥነ ምህዳር በዚህች ተረት ውስጥ ተጠቅልሏል። ልኳንዳ ቤቱ በር ላይ አምስት ውሻ የሚውለው ለአምስት የሚበቃ ትርፍራፊ ስላለ ነው። አምስቱን ብታጠፋ ትርፍራፊው አይጠፋም። በወሩ ከቀበና ወንዝ ዳር፣ ከላይ ከጉለሌ ያልተከተቡ ሌሎች ይወርዳሉ፤ ቦታ ለመያዝም ሲናከሱ ያድራሉ። አንዲት ሴት ውሻ 63 ቀን አርግዛ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ትወልዳለች፣ በዓመት ሁለት ጊዜም ልትወልድ ትችላለች፤ የተረፈው ምግብ ለቡችሎቹ ይሆናል። ባሊ የተባለችው የኢንዶኔዥያ ደሴት በ2008 እ.ኤ.አ. በሽታው ሲገባባት በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ፈጀች፤ በሽታው ደሴቱን ከማዳረስ አልቆመም። መቀነስ የጀመረው የጅምላ ክትባት ሲመጣ ነው። ሜክሲኮ ደግሞ ለዓመታት ውሾቿን ስትከትብ ኖራ በ2019 እ.ኤ.አ. ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት። በእኛ ከተማ የተመዘገበው የመጀመሪያው ወረርሽኝ የ1895 ዓ.ም. (1903 እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ውሻ ተገደለ? በሽታውስ የት ሄደ?

«ባለቤት አልባ» የሚለው ቃልም ያሳስትሃል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገንዳው ዙሪያ ከምታያቸው መካከል አንገቱ ላይ ያለቀ ገመድ ያለውን ፈልግ፤ ብዙ ታገኛለህ። ሌሊት ግቢ ጠብቆ ጠዋት በሩ ሲከፈትለት የወጣ ነው። ሌላው የጥበቃው ነው፣ ሌላው የጫማ ጠራጊዎቹ፣ ሌላው ከጎኑ ተኝቶ የሚያሞቀው የጎዳና ልጅ። «ቦቢ» ብለህ ብትጣራ ግማሾቹ ይዞራሉ። በእውነት ባለቤት ያጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰፈሩ የተነሣበት ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የግቢ ውሻ አይኖርም። ውሻው ቤቱ በነበረበት ፍርስራሽ ላይ ተኝቶ ጠበቀ። ልኳንዳ ቤቶቹም አብረው ስለተነሡ ምግብ ፍለጋ ወደ አጎራባች ሰፈሮች ተበተነ። ሰው «ውሻ በዛ» የሚለው አንዳንዴ የመጣበትን እንጂ የተወለደውን አይቶ አይደለም። ሁዳዴ ሲገባም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ልኳንዳ ቤት ይዘጋል፣ ውሻው ግን ጾም አያውቅም። በእኔ ልምድ በእነዚያ 55 ቀናት «ውሾቹ ተባባሱ» የሚል አቤቱታ ይበረክታል። ርቧቸው ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ሥራህ ውሻ ከመያዝ ይልቅ ሰው ማነጋገር ይበዛዋል። መረብ ይዘህ ብትሮጥ በአንድ ጠዋት አምስት ትይዝ ይሆናል፣ ቀሪዎቹ ለወር ያህል መኪናህን ሲያዩ ይሸሻሉ። ጥበቃውን፣ ልኳንዳውን፣ የጎዳና ልጆቹን ቀድመህ ብታግባባ፣ ውሻውን የሚያውቀው ሰው ራሱ አቅፎ ይይዝልሃል፤ አንተ ከቆዳው ሥር ወግተህ፣ ጀርባው ላይ ቀለም አድርገህ ትለቀዋለህ። መረቡ ለቀሩት ነው። በሽቦ አንገት አትነቅ፤ የታነቀ ውሻ ይነክሳል፣ ያየህ ሰፈርም ሁለተኛ በር አይከፍትልህም። በማግስቱ ጠዋት በዚያው መንገድ ዞረህ ቁጠር። 40 አይተህ 28ቱ ቀለም ካላቸው 70 በመቶ ደርሰሃል፤ 15 ከሆኑ ተመለስ። ብዙ ዘመቻ የሚከሽፈው የወጣውን የክትባት ብልቃጥ እየቆጠረ ሪፖርት ስለሚያደርግ ነው፤ የሚቆጠረው መንገድ ላይ ያለው ውሻ ነው። ብልቃጡም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተያዘ ዋጋ የለውም። በረዶው ቀልጦ መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታውን ክትባት ወግተህ «ተከትቧል» ብትል፣ ባለቤቱን በሐሰት አረጋግተኸዋል።

ሌላው የሥራህ ክፍል ንክሻ ሲደርስ መድረስ ነው። ሰው ተቆጥቶ ውሻውን በድንጋይ ጭንቅላቱን ሊፈጠፍጠው ሲል አስቁም። የነከሰ ውሻ በሕይወት ታስሮ 10 ቀን ቢታይ ለተነከሰው ሰው ትልቅ መረጃ ነው። ከሞተም የሚመረመረው አንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱ ሳይጎዳ፣ በበረዶ ተይዞ ጉለሌ ወዳለው፣ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ወደሚለው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። የተነከሰውን ሰው ግን ውጤት አታስጠብቀው። መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠበው፤ አመድ፣ ቡና፣ ቅቤ አይደረግበትም። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። የውሻው ባለቤት «እኔ ምን አገባኝ፣ በራሱ አምልጦ ነው» ቢል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ያገባዋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ይህን ለማስፈራራት ሳይሆን በሩን እንዲዘጋ ለማድረግ ተጠቀምበት፤ ካስፈራራኸው «ውሻው የእኔ አይደለም» ይልሃል፣ ያኔ አንድ ባለቤት አልባ ውሻ ፈጠርክ።

የማትችለውንም እወቅ። ቁጥሩን በእውነት የሚቀንሰው ማምከን ነው፣ ግን ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ሐኪም፣ ማደንዘዣና የማገገሚያ ቦታ ይፈልጋል፤ በአንድ ቡድን አቅም ከተማ አይሸፈንም። ማምከን ብቻውንም በሽታውን አያቆምም፤ የመከነ ያልተከተበ ውሻ ያብዳል። ገንዳው በሰዓቱ ካልተነሣ፣ ልኳንዳው አጥንቱን መንገድ ላይ ከጣለ፣ አንተ የምታደርገው ነገር የለም፤ ልትጮኽ የምትችለው ለጽዳት ክፍሉ ነው። ስቃይ ላይ ያለን ውሻ በመድኃኒት ማሳረፍም የእንስሳት ሐኪም ሥልጣን ነው፤ በዲፕሎማህ አትድፈረው፣ ቢያዙህም።

ወደ መፈረሙ ስንመጣ ምክሬ ይህ ነው፦ ሥራውን ተቀበል፣ ግን ሳትከተብ አንድም ውሻ አትንካ። ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ቅድመ መከላከያ ሁለት መርፌ ነው፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው በሰባተኛው ቀን። ይህን የወሰደ ሰው በኋላ ቢነከስ ኢሚኖግሎቡሊን አያስፈልገውም፤ ወዲያው አንድ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ የማጠናከሪያ መርፌ ይበቃዋል። በየጊዜውም የደም ምርመራ ተደርጎ አቅሙ ከወረደ ይታደሳል። ዛሬ ለጭረቱ የምትጀምረው ክትባት ለዚህም ይጠቅምሃልና ካርዱን አስቀምጥ፤ ሐኪሙ ከእሱ ተነሥቶ ቀሪውን ይነግርሃል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትህንም አብረህ ጠይቅ።

ክትባቱን የሚከፍለው ቀጣሪህ ነው፣ አንተ አይደለህም። ውሉ ላይ ይህ ይጻፍ። ብቻህን እንደማትሰማራና መርዝ እንደማትበትንም ይጻፍ። ወፍራም ጓንት፣ መረብና የበረዶ ሳጥን ከመጀመሪያው ቀን በፊት በዓይንህ እየው፤ «ይመጣል» የተባለ ጓንት መጥቶ አላየሁም። እኔ ራሴ ወጣት ሆኜ የገባሁበት ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ ክትባቱ የደረሰን ከአምስት ወር ሥራ በኋላ ነበር። አልተነከስኩም፤ ዕድል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እነዚህን ሊጽፍልህ ያልፈለገ ሰው ውሻ ገዳይ እንጂ ባለሙያ አይፈልግም፤ ሁለት ዓመት የጠበቅክ ቢሆንም ለእሱ አትፈርም። ካልሆነም የከተማው የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን የእንስሳት ጤና ሥራ ስላለው እዚያ ጠይቅ።

ለእናትህም ይህን ንገራቸው፦ ሥራው ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ መርዝ የለበትም። ደስ ካላቸው የግቢያቸውን ውሻ አንደኛ ያስከትቡ።

ያቺ ቡችላ ነገም ከነገ ወዲያም ደህና ሆና ከተገኘች፣ ሥራ ስትጀምር ከነእናቷ በዝርዝርህ ላይ አስገባት። «ሦስት ወር አልሞላትም፣ አትከተብም» የሚል ሰው ቡድኑ ውስጥ አይጠፋም። በጅምላ ዘመቻ ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎችም ይከተባሉ፤ በየዓመቱ የሚያመልጡን እነሱ ናቸው።